ስልሳን ከተሻገሩ በኋላ ብሩሽ መያዝ

በጡረታ ከሥራ የተሰናበትኩ ሰሞን፣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ከሰላምታው አስከትሎ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ታዲያ አሁን ጊዜውን በምን ያሳልፉታል?» ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። በተደጋገመ ቁጥር ግን «ማሳለፍ» የሚለው ቃል ይከነክነኝ ጀመር። ሰው የሚያሳልፈው ክፉ ቀንን ነው፤ ችግርን ነው፤ እንቅልፍ የራቀበትን ረጅም ሌሊት ነው። የሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬን ጨርሼ፣ ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ አድርሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን የራሴ ሲሆንልኝ፣ ያን ቀን እንደ ክፉ ቀን የምገላገለው በምን ምክንያት ነው?

በ64 ዓመቴ በውሃ ቀለም መሳል የጀመርኩት ይህን ሳሰላስል ቆይቼ ነው። አሁን 68 ሞልቶኛል። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩና እርሳስ የማነሣው ድምር ለመሥራትና መዝገብ ለማመሳከር እንጂ የዛፍ ቅርንጫፍ ለመንደፍ አልነበረም። በዕድሜ የገፋ ሰው ስለሚይዘው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲነገር አዘውትሮ የሚሰማው «ጭንቀት ይቀንሳል፣ አእምሮን ያድሳል» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ስሕተት ባይሆንም ሥራውን እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ ሥራ አያየውም። በእኔ እምነት በስተርጅና የተጀመረ የእጅ ሥራ ደስታው የሚገኘው፣ ሥራው የሚፈትን ሲሆንና ሰውየውም እንደ ማንኛውም ተማሪ ሲፈተንበት ነው። ይህን ለማስረዳት ከራሴ ብሩሽ ልጀምር።

ነጭ ቀለም በቱቦ ተሞልቶ ቢሸጥም፣ የውሃ ቀለም እውነተኛ ነጭ ወረቀቱ ራሱ ነው። አንድ ጆግ ለመሳል የተቀመጠ ሰው ብርሃን የሚያብለጨልጭበትን ቦታ አስቀድሞ ለይቶ፣ ብሩሹ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ፣ ዙሪያውን ብቻ ይቀባል። አንዴ ቀለም የጠጣ ወረቀት ወደ ቀድሞ ንጣቱ እምብዛም ስለማይመለስ፣ አሠራሩ ሁልጊዜ ከፈዛዛው ወደ ደማቁ፣ ከብርሃኑ ወደ ጥላው ነው። በሒሳብ ሥራ የተሳሳተ ቁጥር ይሰረዛል፤ እርማቱም ከጎኑ ይጻፋል። እዚህ ግን ከመንካት በፊት ማሰብ ግድ ነው፤ ከነኩ በኋላ ደግሞ እጅን መሰብሰብ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ሰማይ ነበር። አንድ ወጥ የሆነ፣ ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ ሰማይ ለመቀባት፣ ወረቀቱ የተጣበቀበትን ጣውላ በራስጌው በኩል ጥቂት ከፍ አድርጌ አዘነብለዋለሁ። ትልቁን ብሩሽ ቀለም አጥግቤ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ እስባለሁ። ከመስመሩ ግርጌ ቀለም ያዘለ ውሃ እንደ ዶቃ ይጠራቀማል። ቀጣዩ መስመር ያንን ዶቃ ነክቶ፣ ይዞት መውረድ አለበት፤ ሳይነካው ካለፈ በመካከሉ ደረቅ ስንጥቅ ይቀራል፤ ከዘገየም የላይኛው ጠርዝ ደርቆ መስመር ያወጣል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ የተጠራቀመው ውሃ በተጨመቀ ብሩሽ ጫፍ ተመጦ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ እኔን ያቃተኝም እሱ ነበር። «እዚህ ጋር ትንሽ ሳስቷል» ብዬ ብሩሼን እመልሳለሁ። ግማሽ በግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ሲያርፍ፣ አዲሱ ውሃ ገና ያልጸናውን የቀለም ብናኝ እየገፋ ወደ ዳር ያወጣዋል፤ ዳሩም እንደ አበባ ጎመን ጠርዝ የተሸራረፈ ምልክት ሆኖ ይደርቃል። ለስድስት ወራት ያህል ሰማዬ ሁሉ ይህ ምልክት ያለበት ነበር።

በመጨረሻ የተማርኩት ወረቀቱን ማየት ነው። አንገቴን ዝቅ አድርጌ በጎን ስመለከተው እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ከሆነ ገና እርጥብ ነው፤ ቀለም ቢጨመርበት ይቀበላል። ነጸብራቁ ጠፍቶ፣ በእጄ ጀርባ ስዳስሰው ግን የሚቀዘቅዘኝ ከሆነ አደገኛው ጊዜ ነውና አልነካውም። ቅዝቃዜው ሲጠፋ ደርቋል ማለት ነው። ይህን ሦስት ደረጃ በእጄ ጀርባ ለመለየት አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ አሁን ግን ሳላስብበት አውቀዋለሁ። ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልነበረኝ ዕውቀት አሁን እጄ ላይ አለ። ይህን ስናገር ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ለሚጀምር ሰው አንድ ነገር ብቻ ልምከር፤ ቁጠባው ከቀለሙ እንጂ ከወረቀቱ አይሁን። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ውሃውን ሳይጨማደድ ይሸከማል፤ ስሱ ወረቀት ግን ገና ሲርስ ስለሚጎብጥ ቀለሙ በጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጀማሪውም ጥፋቱ የእጁ ይመስለውና ተስፋ ይቆርጣል። ቀለም ግን ብዙ አያስፈልግም። አልትራማሪን የተባለው ሰማያዊና በርንት ሲየና የተባለው ቀላ ያለ ቡናማ ሲዋሐዱ፣ እንደ መጠናቸው ከሞቃት እስከ ቀዝቃዛ ማለቂያ የሌለው ግራጫ ይሰጣሉ። እኔ አንድ ሙሉ ወር በነዚህ በሁለቱ ብቻ ሠርቻለሁ።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ትምህርቱን በጀመርኩበት ክፍል፣ ቦታውን አልጠቅስም፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች ወጣቶች ሲሆኑ ከስልሳ በላይ የሆንነው ሦስት ነበርን። አስተማሪው ወጣቶቹ ዘንድ ሲደርስ «ይህ መስመር ተሳስቷል፤ እንደገና ሥራው» ይላል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «እሰይ! በጣም ያምራል አባባ» ብሎ ያልፋል። ለብዙ ሳምንታት እውነቱን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የሣልኩትን ከራሱ ከጆጉ አጠገብ አቁሜ ሳየው፣ የጆጉ አፍ ጠሟል፤ መቀመጫውም ወደ አንድ ወገን ተንሸራቷል።

«ልጄ፣ ይህ አፉ ጠሟል፤ አላየኸውም?» አልኩት።

«አይጨነቁ አባባ፤ ዋናው መዝናናትዎ ነው» አለኝ።

ክፉ ልብ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ያከበረኝ መስሎት ነው። ነገር ግን ያን ዕለት ወደ ቤቴ የተመለስኩት ከልቤ አዝኜ ነው። ያ ልጅ ስሕተቴን ያልነገረኝ፣ ልሻሻል እችላለሁ ብሎ ስላልገመተ ነው። ከወጣቱ የሚጠበቅ ነገር አለ፤ ከእኔ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። በዕድሜ ለገፋ ሰው የሚሰጥ ባዶ ምስጋና ለስላሳ መስሎ የሚገፋ እጅ ነው፤ ከሚማሩት መካከል አውጥቶ ከሚዝናኑት ወገን ያስቀምጣል። ለአረጋውያን ተብሎ የሚዘጋጀው ሥራ ብዙውን ጊዜ ተነድፎ ያለቀ፣ ቀለም መሙላት ብቻ የቀረው ወረቀት የሚሆነውም በዚሁ አስተሳሰብ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚወድ ሰው ቢኖር አልነቅፈውም፤ ሌላ የሚቻል ነገር እንደሌለ ተደርጎ ሲቀርብ ግን እቃወማለሁ።

የጆጉን አፍ ያቃናሁት ራሴ ነኝ። ክብ ነገር ከፊት ለፊት ሲታይ ክብ ነው፤ በጎን ሲታይ ግን እንቁላል መሰል ሞላላ ይሆናል፤ ወደ ዓይናችን ከፍታ በቀረበ መጠንም እየጠበበ ሄዶ፣ በትክክል ከዓይናችን ጋር ሲስተካከል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከዓይናችን በታች ባለ ጆግ ላይ የታችኛው መቀመጫ ከላይኛው አፍ ይልቅ ሰፋ ያለ ሞላላ መሆን አለበት። እኔ ግን ጆጉ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ አእምሮዬ ስለሚያውቅ መቀመጫውን ሁልጊዜ ቀጥ ባለ መስመር እዘጋው ነበር፤ የማየውን ትቼ የማውቀውን ስስል ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሃያ ሃያ ሞላላ እነድፍ ጀመር፤ ክንዴን ከትከሻው እያንቀሳቀስኩ፣ እርሳሱን ሳላነሣ። በሁለተኛው ወር ገደማ ጆጉ አፉን ቀና አድርጎ ተቀመጠ። ያን ወረቀት ቀኑን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

ቀን መጻፉ ከሥራዬ የመጣ ልማድ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ለሚማር ሰው ግን ከልማድ በላይ ይጠቅማል። አዲስ ነገር የምንማርበት ፍጥነት ከወጣትነታችን ይልቅ አሁን ያነሰ ነው። መሻሻሉ ከሳምንት ሳምንት አይታይምና ተማሪው ባለበት የቆመ ይመስለዋል። የዛሬውን ሥራ ከትላንቱ ጋር ሳይሆን ከስምንት ወር በፊት ከተሠራው ጋር አስጠግቶ ማየት ነው መፍትሔው። ልምምድን በተመለከተ ደግሞ፣ በአንድ ቀን አራት ሰዓት ከመቀመጥ በአራት ቀን አንድ አንድ ሰዓት መሥራት የተሻለ እንደሚጸና በማስታወስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ሲያሳዩ ኖረዋል፤ በመካከል የሚተኛው እንቅልፍም የተለማመዱትን ያጸናል። ማታ አልሆን ያለኝ የብሩሽ አያያዝ ጠዋት ሲሰምርልኝ በተደጋጋሚ ስላየሁ ይህን ለማመን አልተቸገርኩም።

በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ የዴኒስ ፓርክ ቡድን ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናትም የእኔን እምነት የሚያጠናክር ነው። ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆኑ ሰዎች በቡድን በቡድን ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ለሦስት ወራት ያህል፣ በሳምንት በአማካይ 16 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም የጨርቅ ቅጥልጥል ስፌት ተማሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አብረው እየተጨዋወቱና እየተዝናኑ ጊዜውን አሳለፉ፤ ሌሎቹም በየቤታቸው አዲስ ነገር መማር የማይጠይቁ ቀላል ሥራዎችን ሠሩ። በማስታወስ ችሎታቸው መሻሻል የታየባቸው አዲሱንና ከባዱን ሙያ የተማሩት ነበሩ። ይህ ማለት ስዕል መሳል የመርሳት በሽታን ይከላከላል ማለት አይደለም፤ እንዲያ ብሎ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን አእምሮ በዚህ ዕድሜም ቢሆን ሲጠየቅ እንደሚመልስ ያሳያል፤ መጠየቅ ግን አለበት።

ሰውነት በበኩሉ የሚጠይቀው አለ፤ እሱንም ማድመጥ ይገባል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን እየጠበበ፣ ሌንሱም ቀስ በቀስ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ፣ በ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ላይ የሚያርፈው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ሬቲና ላይ ከሚያርፈው ሲሶ ያህል ብቻ ነው ተብሎ ይገመታል። ቢጫው ሌንስ በተለይ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ስለሚያጣራው ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። እኔ ማታ ማታ በደከመ አምፖል ሥር ያዋሐድኩት ጥላ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ሳየው ያላሰብኩት ሐምራዊ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አሁን ቀለም የማዋሕደው በቀን ብቻ ነው፤ ማታ እርሳስ ብቻ እይዛለሁ። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይዞት በነበረበት ዘመን፣ ቀለሞቹን በቱቦው ላይ ከተጻፈው ስምና በቀለም ማዋሐጃ ገበታው ላይ ካላቸው ቋሚ ተራ እየለየ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923፣ በ82 ዓመቱ፣ ቀኝ ዓይኑን በቀዶ ሕክምና ታከመ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሸራው ተመለሰ። እኔም የእሱን ምሳሌ ተከትዬ የቱቦዎቼን ስም በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጥፌባቸዋለሁ፤ ተራቸውንም አልቀይርም።

የእጅ ነገር ከዓይን ይበልጥ ይከብዳል። ታላቅ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ዳንቴል የምትሠራ ሰው ናት። በ71 ዓመቷ የአውራ ጣቷ ሥር መገጣጠሚያ ይቆረጥማት ጀመርና፣ ቀጭኗን ኪሮሽ ከሩብ ሰዓት በላይ መያዝ ተሳናት። አንድ ቀን ክሯንና ኪሮሿን በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ስታስቀምጥ አየኋት። «እትዬ፣ ምነው?» ብላት፣ «ይበቃኛል፤ እጄ እምቢ አለ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአራት ወራት ያህል ድምፅዋ ሳይቀር የተለወጠ መሰለኝ።

የመለሳት ትንሽ ነገር ነው። ሐኪሟ፣ መገጣጠሚያውን የሚጎዳው ሥራው ሳይሆን ቀጭን ነገር አጥብቆ ለረጅም ጊዜ መቆንጠጥ መሆኑን አስረዳት። የኪሮሿን እጀታ በስፖንጅ ጠቅልለን እንደ ጣት አወፈርነው። ከስስ የጥጥ ክር ወደ ወፍራም የሱፍ ክር ተሻገረች። በየሃያ ደቂቃው የምትጮህ ሰዓት አጠገቧ አስቀመጠች፤ ሰዓቷ ስትጮህ ኪሮሹን አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግታ ታጥፋለች፤ ጠዋት ከመጀመሯ በፊትም እጇን ለብ ባለ ውሃ ትነክራለች። አሁን የምትሠራው እንደ ድሮው የሸረሪት ድር የሚመስል ስስ ጥልፍልፍ አይደለም፤ ወፍራም፣ ሞቃት የአልጋ ልብስ ነው። መጀመሪያ ላይ «ይህ ሥራ አይደለም» ትል ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሦስት ዓይነት ግራጫ ክር ከፊቷ ደርድራ፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ ይግባ እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ ስታስብ አየኋት፤ ቁጣዋም፣ ምርጫዋም፣ ትዕግሥቷም የድሮው ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦንሪ ማቲስ ያደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941፣ በ71 ዓመቱ፣ ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከዳነ በኋላ፣ ረጅም ሰዓት ቆሞ መሳል አልቻለም። ረዳቶቹ የቀቡለትን ባለ ቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ፣ አልጋው ላይና በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ ደማቅ የሆኑትን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1860 የተወለደችው አሜሪካዊት አና ሜሪ ሮበርትሰን ሞዝስ ደግሞ የመገጣጠሚያ ሕመም መርፌ መያዝ ሲከለክላት፣ በሰባዎቹ ዕድሜዋ መገባደጃ ላይ ጥልፏን ትታ ብሩሽ አነሣች፤ በ101 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስም ከ1,500 በላይ ሥዕሎች ሠራች።

እኔን ከሁሉ በላይ የምትማርከኝ ግን እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዴላኒ ናት። እ.ኤ.አ. በ1772፣ ዕድሜዋ ሰባን ከተሻገረ በኋላ፣ የአንድ አበባ ቅጠል ቀለም በአጠገቧ ከነበረ ቀይ ወረቀት ጋር አንድ ሆኖ ስታየው፣ ወረቀቱን በመቀስ ቆርጣ አበባውን በጥቁር መደብ ላይ ለጠፈች። በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት፣ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ተክሎችን በዚህ መንገድ ሠራች፤ ሥራዎቿ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ነገሩ ድንገተኛ ይመስላል፤ እሷ ግን ዕድሜዋን በሙሉ ስትጠልፍ፣ ስትነድፍ፣ አትክልት ስትመለከት የኖረች ሴት ነበረች። የሰባ ዓመት ዓይኗና እጇ ናቸው በዚያ ወረቀት ላይ የተገናኙት። እኔም ብዙ አሠርት ዓመታት በቁጥር ዓምዶች መካከል ማለፋቸው ከሥዕል የራቀ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሁለት ቀለሞችን በየመጠናቸው እያዋሐድኩ በሰንጠረዥ መዝግቤ ያዘጋጀሁት የቀለም ደብተር፣ አብረውኝ ከሚሥሉት ሰዎች ሁሉ ተውሶ ያልተመለከተው የለም።

አብረውኝ የሚሥሉት አራት ሰዎች ናቸው። በየቅዳሜው እንገናኛለን፤ ታናሻችን 26 ዓመቷ ነው። ከመጀመሪያው ቀን የተስማማንበት ደንብ፣ እያንዳንዱ ሰው በሌላው ሥራ ላይ አንድ የተሳካና አንድ ያልተሳካ ነገር ሳይናገር እንዳይነሣ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ እኔን ማረም እየከበዳት አንገቷን ትደፋ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሥራዬን ለረጅም ጊዜ ከተመለከተች በኋላ፣ «አባባ፣ የጆጉ ጥላ ከጆጉ ጋር አልተያያዘም፤ ጆጉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል» አለችኝ። ትክክል ናት። ጥላው ከመቀመጫው ሥር ጠቆር ብሎ ጀምሮ እየራቀ ሲሄድ መሳሳት ነበረበት፤ እኔ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አድርጌ ቀብቼዋለሁ።

ያንኑ ጆግ ዛሬ ጠዋት በአዲስ ወረቀት ላይ ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ፈዛዛ ንብር ተቀብቶ ጣውላው መስኮቱ ሥር ተጋድሟል። ይህን እየጻፍኩ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በእጄ ጀርባ ዳስሼዋለሁ፤ ገና ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ሲለቀው ጥላውን ከሥሩ እጀምራለሁ።